የሰው ሠራሽ ጥፍር ልስላሴና የብርሃን ነጸብራቅ

ጥፍርን ማስዋብ ለሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ እናቶቻችን የእንሶስላን ሥር ወቅጠው እጅ፣ እግርና ጥፍራቸውን ያቀሉ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥፍር ተስፋፍቷል። በወላይታ ዞን ከምትገኘው ከገሱባ የመጣች አንዲት ተማሪያችን በዕረፍቷ ወራት ይህንኑ ሙያ ስትለማመድ አንድ ጥያቄ ገጠማት፤ «መምህር፣ አክሪሊኩ ሲደርቅ ጥርት ያለ ነው፤ ስሞርደው ግን ነጭና ደብዛዛ ይሆናል። ለምን?» መፍትሔው ይበልጥ መሞረድ መስሏት ከሥር ያለውን የተፈጥሮ ጥፍር ማሳሳት ጀምራ ነበር።

ብርሃን ለስላሳ ገጽ ላይ ሲያርፍ በአንድ አቅጣጫ ይንጸባረቃል፤ ሸካራ ገጽ ላይ ሲያርፍ ግን በየአቅጣጫው ይበተናል። የተበተነው ብርሃን ለዓይናችን ነጭ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የተለወጠው አክሪሊኩ ሳይሆን ገጹ ነው። የሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። የባለ 100 ቁጥር ሞረድ ቅንጣት ስፋት ግን 150 ማይክሮ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የሚተወው ጭረት ብርሃንን ለመበተን ከበቂ በላይ ነው። ገጹ እንዲያበራ የጭረቱ ጥልቀት ከሞገዱ ርዝመት እጅግ ማነስ አለበት።

ከዚህ በመነሣት ሥራው በደረጃ መከናወን እንዳለበት እንረዳለን። አናጺ እንደሚጠቀምበት የብርጭቆ ወረቀት ሁሉ፣ የሞረዱ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቅንጣቱ ይደቅቃል። በባለ 100 ቅርጹ ይወጣል፤ በ180 ቀጥሎም በ240 የቀደመው ጭረት ይጠፋል፤ በመጨረሻም በለስላሳ መወልወያ ይወለወላል። ደረጃ የዘለለ ሰው ጥልቁን ጭረት በደቃቅ ሞረድ ለማጥፋት በከንቱ ይደክማል። በየደረጃው የመሞረጃው አቅጣጫ ቢቀየር የቀረው ጭረት አግድም ስለሚታይ በቀላሉ ይለያል።

ቅርጹስ? የተፈጥሮ ጥፍር ጠፍጣፋ ሳይሆን በእርጋታ የጎበጠ ነው። የተወለወለውን ጥፍር ከመብራት ሥር ቀስ ብለን ስናዞረው የመብራቱ ምስል ሳይጣመም ከተንሸራተተ ገጹ እኩል ነው፤ ከተጣመመ ግን በዚያ ቦታ ጉብታ ወይም ጎድጓዳ አለ። የመኪና አካል ልስላሴም የሚመረመረው በተመሳሳይ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተፈጥሮ ጥፍር ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሳሳው ክፍል አይጠገንም፤ አድጎ እስኪወጣ ይጠበቃል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ስድስት ወር ያህል ይፈጃል። ደንበኛዋ «አቃጠለኝ» ካለች የሰበቃው ሙቀት ጣቷ ዘንድ ደርሷልና እጅን ማንሣት ይገባል። ብናኙም ወደ ሳንባ እንዳይገባ አፍና አፍንጫን መሸፈን ያሻል።

ለተማሪያችን መልሱን ያሳየናት በአንድ የውሃ ጠብታ ነበር። እናንተም የማትፈልጉትን ብርሃን አስተላላፊ የፕላስቲክ ማስመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋችሁ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ውሃው ጭረቱን ስለሚሞላ ጥራቱ ይመለሳል፤ ሲደርቅ ግን ነጩ እንደገና ይታያል። ስለሆነም የጥፍር ልስላሴ የሚፈረደው በደረቁ ነው።