ከስኳር በሽታ ጋር እየኖሩ ራስን ማክበር

በዚህ እትም የምንማማረው ስለ ስኳር በሽታ ነው። ስለ ምግቡና ስለ ክኒኑ በኩፓት ሖሊም ብዙ ተነግሯችኋል፤ ወረቀቱም ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ ይሆናል። እኔ የምጽፈው ወረቀቱ ላይ ስለሌለው ነገር ነው። በሽታው ከመጣ በኋላ ብዙ ሰው ለራሱ ያለው ግምት ይቀንሳል፤ ከሰው ይርቃል፣ ዝም ይላል፣ «ከእንግዲህ እኔ ምን እረባለሁ» ይላል። ይህ ለምን እንደሚሆንና ምን ማድረግ እንደሚቻል እንነጋገር። እኔ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ መድኃኒት የሚነካ ነገር ሁሉ ከሐኪማችሁ ጋር ይሁን።

«ምን አጠፋሁ?»

ቤት ለቤት ስሄድ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ ይኼ ነው። «ሀገር ቤት ተራራ ወጥቼ ወርጄ፣ ውኃ ቀድቼ፣ እንጨት ለቅሜ አንድ ቀን ታምሜ አላውቅም። እዚህ መጥቼ ነው የታመምኩት» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል፣ ከዚያም በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡት ወገኖቻችን እንደገቡ ሲመረመሩ ስኳር የተገኘባቸው በጣም ጥቂቶች ነበሩ። ዓመታት ሲያልፉ ግን በሽታው በማኅበረሰባችን ውስጥ ከሌላው የሀገሩ ሕዝብ ይልቅ በዛ። በእግር የሚኬደው መንገድ አጠረ፤ በጤፍና በገብስ ፈንታ ነጭ ዳቦና ሩዝ መጣ፤ ጣፋጭ መጠጥ በየቤቱ ገባ። ጭንቀቱም አለ፤ አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ ሥራ፣ ተለያይቶ የቀረ ቤተሰብ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። እዚህ ሀገር የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት በእኛ ማኅበረሰብ ስኳር የሚመጣው በወጣትነት ዕድሜና ብዙ ውፍረት ሳይኖር ጭምር ነው። «እኔ እኮ ቀጭን ነኝ፣ እንዴት ያዘኝ?» የሚሉ ሰዎች ትክክለኛ ጥያቄ ነው የሚጠይቁት። በሽታው የሆዳምነት ቅጣት አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሰውን ለማጽናናት ብቻ ብዬ አይደለም። ተቀጣሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ይደብቃል፤ የደበቀ ሰው ደግሞ መርፌውን ይዘላል።

«አለብኝ» እና «ነኝ»

እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው፤ አማርኛዬንም የተማርኩት ከትልልቆች አፍ ነው፤ ስሳሳት ይቅር በሉኝ። ዩኒቨርሲቲ ሁሉንም ነገር በዕብራይስጥ ነው የተማርነው። በዕብራይስጥ ስኳር ያለበትን ሰው «ሱካርቲ»፣ ሴቷን «ሱካርቲት» ይላሉ። በሽታው የሰውየው ስም ሆነ ማለት ነው። የእናንተ አማርኛ ግን የተሻለ አነጋገር አለው፤ «ስኳር አለብኝ» ይላል። ዕዳ አለብኝ፣ ለቅሶ አለብኝ፣ ቀጠሮ አለብኝ እንደምትሉት ማለት ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳውን ይከፍላል እንጂ ራሱ ዕዳ አይሆንም።

አሁን አሁን ግን «እኔ በሽተኛ ነኝ» የሚለው በዝቷል። ሠርግ ሲጠሩ «እኔ በሽተኛ ነኝ»፤ ሞአዶን ኑ ሲባሉ «እኔ በሽተኛ ነኝ»፤ ለዕርቅ ሲፈለጉ እንኳ «ተዉኝ፣ በሽተኛ ነኝ»። እንዲህ እያለ ሰው ቀስ በቀስ ከሁሉም ነገር ይወጣል። እባካችሁ ወደ ቀድሞው አነጋገር ተመለሱ።

ስለ ቁጥሩም ባጭሩ ልበል። የሦስት ወሩ የደም ምርመራ ውጤት የትምህርት ቤት ማርክ አይደለም፤ ባግሩት አልተፈተናችሁም! ቁጥሩ የሚናገረው ሕክምናው እየሠራ መሆኑን ወይም መለወጥ እንዳለበት ነው። ብዙ ጊዜ 7 አካባቢ ይፈለጋል፤ ለአረጋዊ ሰው ግን ስኳሩ ከመጠን በላይ እንዳይወርድ ሐኪሙ ከፍ ያለ ቁጥር ሊወስን ይችላል። «ለእኔ ስንት ነው የሚፈለገው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የጠየቀ ሰው የሕክምናው ባለቤት ይሆናል።

ይሉኝታ

ጎረቤት ቡና ትጠራለች። ስኒው ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር ተጨምሯል፤ ዳቦው ተቆርሷል። «አልችልም» ብትሉ የናቃችኋት ይመስላችኋል፤ «ታማለች» ተብሎ እንዳይወራም ትሰጋላችሁ። ስለዚህ ይጠጣል፤ ማታ ደግሞ ብቻ ተሁኖ ይለካል፣ ይታዘናል። ኢንሱሊን የሚወጉትማ ሠርግ ላይ ተነሥተው ሽንት ቤት ገብተው ነው የሚወጉት። አንዳንዶቹም ከነጭራሹ ይተዉታል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። በስኳር ነገር ይህ አባባል በቀጥታ እውነት ነው። መርፌ ወይም አንዳንድ ክኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ይምታታበታል። አብሮት የተቀመጠው ሰው ካላወቀ «ደክሞት ነው» ወይም «ጠጥቶ ነው» ይላል። ቁጥሩ ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት፣ ካልወጣ መድገም ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ 101 ይደወላል። ይህን የሚያውቅ ቢያንስ አንድ ጎረቤትና አንድ ዘመድ ይኑራችሁ።

እንዴት ይነገራል? ረጅም ታሪክ አያስፈልግም። «እኔ ስኳር አለብኝ፤ ቡናውን እወዳለሁ፣ ሳትጨምሪበት ስጪኝ» ማለት ይበቃል። በሞአዶን ያየሁትን ልንገራችሁ፤ አንዷ እናት ይህን ስትናገር አጠገቧ ያለችው ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔም» ትላለች፤ ቀጥሎ ሌላዋ። ለካ ሁሉም ሲደባበቁ ነው የከረሙት። ቡና የምታፈሉም ሰዎች፣ ስኳሩን በስኒው ሳይሆን በሳህን አድርጋችሁ አቅርቡ፤ እንግዳችሁ ራሱ ይወስን።

ፆም

ይህን ጉዳይ የማነሣው በጥንቃቄ ነው፤ የሃይማኖት አስተማሪ አይደለሁም። ግን ከበሽታው ሕመም ይልቅ ልባቸውን የሚሰብረው ይኼ የሆነባቸው አባቶች አሉ። «ሀገር ቤት በስንት መከራ የጠበቅነውን ፆም እዚህ፣ በኢየሩሳሌም ምድር ልፍታው?» ይላሉ። በዮም ኪፑር ቢሆንም እንኳ ነፍስን ማዳን ፆሙን እንደሚሽር ሕጋችን ግልጽ ነው። ሐኪም «መፆም ሕይወትህን ያሰጋል» ካለ፣ ያን ቀን መብላት ትእዛዝን መጠበቅ ነው። በጥቂት በጥቂቱ፣ በመጠን መብላትና መጠጣት የሚፈቀድበትም መንገድ አለ።

ዋናው ነገር ቀኑ ሳይደርስ መጠየቅ ነው። ከሳምንታት በፊት ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ፤ ከዚያም ወደ ቄሳችሁ ወይም ወደ ራባይ። እንድትፆሙ ቢፈቀድላችሁ እንኳ የመድኃኒቱ መጠን መለወጥ ይኖርበት ይሆናል። ለሲግድም፣ ፆሙ እስከ ከሰዓት ቢሆንም፣ እንዲሁ አድርጉ። ያልፆመ ሰው ከጉባኤው አይቀርም፤ ነጩን ልብስ ለብሶ፣ ኦሪቱ ሲነበብ ቆሞ ይሰማል።

«ለልጆቼ ሸክም ሆንኩ»

በሥራዬ የዚህን ያህል የሚከብደኝ ቃል የለም። ልጆችን ተሸክመው በረሃ ያቋረጡ ሰዎች ናቸው የሚናገሩት። እንዲያው «አይደላችሁም» ብል ለእነሱ ምን ይጠቅማቸዋል? ነገሩን ከፍለን እንየው።

ሸክሙ አለ፤ ቀጠሮ፣ መድኃኒት፣ የዓይን ምርመራ፣ የእግር ምርመራ። ግን በብዙ ቤት ያየሁት ችግር የሸክሙ ብዛት ሳይሆን አንድ ሰው ላይ መውደቁ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ የምትኖር አንዲት ሴት ልጅ ላይ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ልጆቻችሁን ቡና ላይ ሰብስቡ፤ እናንተው እንደ ቤት ሽማግሌ ሥራውን ደልድሉ። አንዱ በመኪና ይውሰድ፣ ሌላዋ በስልክ ቀጠሮ ትያዝ፣ ሩቅ ያለው ዓርብ ዓርብ ይደውል፣ የልጅ ልጅ የክኒን ሣጥኑን ከእናንተ ጋር ይሙላ። እርዳታ ተቀበላችሁ ማለት ነው፤ ውሳኔው ግን ከእጃችሁ አልወጣም። ከሸክሙ ይልቅ ክብርን የሚጎዳው ሳይጠየቁ መታዘዝ ይመስለኛል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሐኪም ቤት ነው። ልጅና ሐኪሙ በዕብራይስጥ አሥር ደቂቃ ያወራሉ። እናት መሐል ተቀምጣለች። ሲወጡ «ምን አለ?» ስትል «ደህና ነሽ ብሏል» ይባላል። አሥር ደቂቃ ሁለት ቃል ሆነ! ልጁ ክፉ አይደለም፣ ቸኩሏል፤ ሊያስደነግጣት አልፈለገም። እሷ ግን ስለ ገዛ ሰውነቷ ሳትሰማ ወጣች። ደግሞም በልጅ ፊት የማይነገር ነገር አለ፤ ስለ ሽንት፣ ስለ ባልና ሚስት ነገር። ስኳር እነዚህንም ይነካል፤ ሐኪሙ ካልሰማ ሊረዳ አይችልም።

ስለዚህ መብታችሁን እወቁ። በ1996 የወጣው የታማሚ መብት ሕግ ሐኪሙ ስለ ሕክምናው ለእናንተው እንዲያስረዳና ፈቃዳችሁን እንዲጠይቅ ያዛል፤ ምስጢራችሁም ይጠበቃል። በ2011 የወጣው የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ደግሞ የሕክምና ተቋማት ሰዎችን በሚገባቸው ቋንቋ እንዲያገለግሉ ይጠይቃል። በአንዳንድ ክሊኒኮች አማርኛ የሚናገር አገናኝ ሠራተኛ አለ፤ በስልክ የሚያስተረጉም አገልግሎትም አለ። ትንሽ የልጅ ልጅን ለትርጉም ይዛችሁ አትሂዱ፤ ለሕፃን ከባድ ነው። ትልቅ ልጃችሁ አብሮ ከገባ ግን በሩ ላይ «እኔን አስቀድመህ ጠይቀኝ፤ ያለውንም ሁሉ ንገረኝ» በሉት።

ስለ ሲዑድም ጥቂት ልበል። በመልበስ፣ በመታጠብ፣ ቤት ውስጥ በመንቀሳቀስ የምትቸገሩ ከሆነና ዕድሜያችሁ ለጡረታ ከደረሰ፣ ከቢቱዋህ ሌኡሚ የቤት ውስጥ ረዳት መጠየቅ ትችላላችሁ። ስኳር ስላለ ብቻ አይሰጥም፤ ፈተና አለው። «ምጽዋት አልቀበልም» ለሚሉ አባቶች፦ ይህ በሕግ የተቀመጠ መብት ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም።

እጅ ሲደነዝዝ

ስኳር ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የእጅና የእግር ጣቶችን ሊያደነዝዝ ይችላል። ስፌት ስትሰፋ የኖረች እናት መርፌው ከእጇ ሲወድቅ ሙያዋ አብሮ የሞተ ይመስላታል። ግን የትኛው ቀለም ከየትኛው እንደሚከተል፣ አለላው እንዴት እንደሚነከር የምታውቀው እሷ ናት፤ ልጃገረዶቹ ክሩን ይዘው አጠገቧ ይቀመጡ፣ እሷ ታዝዝ። አንጥረኛ የነበረ አባትም ብረቱ መቼ ለመዶሻ እንደሚበቃ በዓይኑ ያውቃል። እኛ ወጣቶቹ ይህን የምንማረው ከመጽሐፍ አይደለም።

ይህን ሁሉ እያወቀ ልቡ የማይነሣ ሰው ሊኖር ይችላል። ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የመንፈስ ጭንቀት ከሌላው ሰው በሁለት እጥፍ ያህል ይበዛል። እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ቀድሞ የሚወደድ ነገር ሁሉ ከደበረ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት ካለፈ ለቤተሰብ ሐኪማችሁ ንገሩ። ይህ እብደት አይደለም፣ ሕክምና አለው። «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ለሐኪም፣ ለእኛ ወይም ለቅርብ ሰው ይነገር።

ለዚህ ወር የቤት ሥራ አንድ ነገር ብቻ ልስጣችሁ። ወደ ኩፓት ሖሊም ለሚቀጥለው ቀጠሮ ስትደውሉ አስተርጓሚ ጠይቁ። ሴት ከሆናችሁ «አኒ ጽሪኻ መቱርገማን ለአምሃሪት» በሉ፤ ወንድ ከሆናችሁ «አኒ ጻሪኽ መቱርገማን ለአምሃሪት»። ሐኪሙን ልትጠይቁት የምትፈልጉትን ሦስት ነገር በአማርኛ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። አስተርጓሚ የለም ከተባላችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ኑ፤ አብረን እንደውላለን።