ሳያጨስ በሳንባ ካንሰር የታመመን ዘመድ ስለ መርዳት

በሳንባ ካንሰር ለታመመ ሰው ጠያቂ ሁሉ አስቀድሞ የሚያቀርበው ጥያቄ «ታጨስ ነበርን?» የሚል ነው። ሲጋራ ይዛ ለማታውቅ እናት ይህ ጥያቄ ክስ ሆኖ ይሰማታል። የበሽታው ዋነኛ ምክንያት ትምባሆ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የሌላ ሰው የሲጋራ ጢስ፥ ከመሬት የሚመነጨው ራዶን የተባለ ጋዝና የተበከለ አየርም ያመጡታል። ብዙ ጊዜም ምክንያቱ ጨርሶ አይገኝም። ስለዚህ ቤተ ዘመድ ጥያቄውን ቢተወው ይበጃል።

ከዚህ የከፋው ጉዳት ግን ከስም የተነሣ ነው። በአገራችን «የሳንባ ነቀርሳ» የሚባለው ቲቢ ሲሆን፥ ካንሰርንም «ነቀርሳ» የሚሉት ብዙዎች ናቸው። ሁለቱ ከመምታታታቸው የተነሣ የአንዲት ታማሚ ብርጭቆ ተለይቶ፥ የልጅ ልጆቿም ከአልጋዋ እንዲርቁ ሲደረግ አይቻለሁ። (ቲቢ እንኳ ቢሆን በብርጭቆ አይተላለፍም።) ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ ከታማሚዋ ጋር ከአንድ መሶብ መብላት ይገባል።

ስለ ሕክምናው አስታማሚ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ኢጂኤፍአር በተባለው ዘረ መል ላይ የሚደርስ ለውጥ ካጨሱት ይልቅ ባላጨሱት ሕሙማን ዕጢ ውስጥ ይበዛል፤ ለውጡ የተገኘበትም ሰው በሚዋጥ ክኒን ሊታከም ይችላል። እንግዲህ ይህ ምርመራ ይቻል እንደ ሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ትንፋሽ ሲያጥራት በትራስ ደግፎ ቀና ማድረግና መስኮት መክፈት ይረዳታል፤ ድንገት ቢብስባት ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። ለጠያቂ ቡና መፈላቱ አይቀርም፤ የከሰሉና የዕጣኑ ጢስ ግን ከክፍሏ ይራቅ።