ትምህርት 14፦ ድንበር የማያግደው ችግር

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፈንጣጣ ለብዙ ዘመናት የሰውን ልጅ ሲፈጅ፣ ከሞት የተረፉትንም ፊታቸውን ሲያበላሽና ዓይናቸውን ሲያጠፋ የኖረ በሽታ ነው። ክትባቱ ከ1796 ጀምሮ ቢታወቅም፣ አንድ አገር በሽታውን ከምድሩ ቢያጠፋ እንኳ ከጎረቤት ተመልሶ ይገባበት ነበር። ስለዚህ ማንም መንግሥት ብቻውን ሊገላገለው አልቻለም።

በ1948 የተቋቋመው የዓለም የጤና ድርጅት በ1967 የተጠናከረ ዘመቻ ሲጀምር በሽታው በ31 አገሮች ሥር ሰዶ ይገኝ ነበር። ድርጅቱ የሚያዘው ጦርም ሆነ የሚያስገድድበት ፖሊስ አልነበረውም፤ ኀይሉ የአባል አገሮች ስምምነት ነበር። በጊዜው ባላንጣ የነበሩት ሶቭየት ኅብረትና አሜሪካ እንኳ ለዚህ ሥራ ተባበሩ። ሶቭየት ኅብረት ክትባት በብዛት ለገሰች፤ አሜሪካም ገንዘብና ባለሙያ ሰጠች።

የዘመቻው ሠራተኞች ሕመምተኛ ያለበትን መንደር እየፈለጉ፣ ከሕመምተኛው ጋር የተገናኙትን ሁሉ በመክተብ የበሽታውን መተላለፊያ ዘጉ። በኢትዮጵያ መኪና በማይደርስበት ሥፍራ በእግርና በበቅሎ ተጓዙ፤ የመጨረሻው ሕመምተኛም በ1976 ተገኘ። ይሁን እንጂ በሽታው በሶማሊያ ስለ ቀጠለ፣ ዘመቻው እዚያ ካልተፈጸመ የኢትዮጵያም ድካም ከንቱ በሆነ ነበር። በ1977 በመርካ ከተማ የታመመው ሰው በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ ከተያዙት የመጨረሻው ሆነ። በ1980 የዓለም የጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ።

እንግዲህ ዓለም አቀፍ ድርጅት መንግሥታትን ተክቶ አይገዛም፤ ያስተባብራል። አባላቱ ሲስማሙ ይበረታል፤ ሲለያዩ ይደክማል።

ለ. ሰዋስው፦ ምክንያትና ውጤት

«ስለ» ከግሥ በፊት ሲገባ ምክንያትን ያመለክታል፤ ምክንያቱና ውጤቱም ባንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቃለላሉ።
ምሳሌ፦ በሽታው ስለ ቀጠለ ዘመቻው አልቆመም።

«ስለዚህ» ግን ምክንያቱ ራሱን በቻለ ዐረፍተ ነገር ከተነገረ በኋላ ውጤቱን ያስከትላል።
ምሳሌ፦ በሽታው ቀጠለ። ስለዚህ ዘመቻው አልቆመም።

ሐ. መልመጃ

1. አንድ አገር ብቻውን ፈንጣጣን ሊገላገል ያልቻለው ለምንድን ነው?

2. «ባላንጣ»፣ «ለገሰ» እና «ከንቱ» የሚሉትን ቃላት ፍች ጽፋችሁ፣ እያንዳንዱን በዐረፍተ ነገር አስገቡ።

3. «ድርጅቱ ማስገደድ አይችልም። አገሮች መስማማት አለባቸው።» እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች አንድ ጊዜ በ«ስለ»፣ ሌላ ጊዜ በ«ስለዚህ» አያይዙ።

4. ድርሰት፦ አንድ አገር ንግዱ እንዳይጎዳበት ሲል የተላላፊ በሽታን መነሣት ቢደብቅ በጎረቤቶቹና በራሱ ላይ ምን ይደርሳል? ምክንያቱንና ውጤቱን ለይታችሁ ባንድ አንቀጽ ጻፉ።