የቪዲዮ ስብሰባ ክፍል አዘገጃጀት በወረርሽኝ ወቅት

የኮቪድ-19 በሽታ በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መከሰቱ ከተረጋገጠ ወዲህ በርካታ መሥሪያ ቤቶች ስብሰባቸውን በቪዲዮ ማካሄድ ጀምረዋል። ዓላማው ሰዎች ሳይቀራረቡ እንዲመካከሩ ማስቻል ነው። ይሁን እንጂ በአንዱ ክፍል ውስጥ አሥራ አምስት ሰዎች አንድ ስክሪን ከበው ከተቀመጡ የተለወጠው የስብሰባው ስም እንጂ አደጋው አይደለም። ስለሆነም ክፍሉ ሲዘጋጅ ከመሣሪያው በፊት ሊታሰብበት የሚገባው የአየሩና የተሰብሳቢው ሁኔታ ነው።

1. አየር፦ መስኮቶቹ የሚከፈቱ፣ ቢቻል በሁለት ወገን ነፋስ የሚገባበት ክፍል ይመረጣል። ድምፅ እንዳይረበሽ ሲባል መስኮትና በር የመዝጋት ልማድ አለ። ሆኖም ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ከአፉ የሚወጡት ጥቃቅን ጠብታዎች ይበዛሉ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥም አየር ላይ ይቆያሉ። የውጭ ጫጫታን ለመቀነስ ከመንገድ የራቀ ክፍል መምረጥ፣ ማይክሮፎኑን ወደ ተናጋሪው ማቅረብና ተራ ያልደረሰውን ማይክሮፎን ማጥፋት ይበቃል።

2. የሰው ብዛት፦ በተሰብሳቢዎች መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት ይጠበቃል። ወርዱ 4፣ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ ክፍል ከ6 ሰው በላይ ባያስተናግድ ይመረጣል። ትርፍ ወንበሮች አስቀድመው ይወጣሉ። በስልካቸው ወይም በራሳቸው ኮምፒውተር መሳተፍ የሚችሉ ሰዎች ወደ ክፍሉ ባይመጡ ይመረጣል።

3. ብርሃንና ካሜራ፦ መስኮቱ ከተናጋሪው በስተጀርባ ከሆነ ፊቱ ጠቁሮ ስለሚታይ ብርሃኑ ከፊት ለፊት ወይም ከጎን እንዲመጣ ይደረጋል። ካሜራው በዓይን ትክክል ይቀመጣል። ተራርቀው የተቀመጡትን ሁሉ እንዲያሳይም ራቅ ይደረጋል። መብራት ሊቋረጥ ስለሚችል የኮምፒውተሩ ባትሪ አስቀድሞ ይሞላል።

4. የጋራ ዕቃዎች፦ ማይክሮፎን ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም፤ በቦታው ይተከላል። የጆሮ ማዳመጫ በጋራ አይጠቀሙበትም። ጠረጴዛ፣ የበር እጀታና የኮምፒውተር ቁልፎች ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ 70 በመቶ አልኮል በነካ ጨርቅ ይወለወላሉ፤ ከዚያ በፊት መሣሪያው ይጠፋል። በመግቢያው ላይ የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ወይም ሳኒታይዘር ይዘጋጃል።

የበሽታው ምልክት ያልታየበት ሰውም ቫይረሱን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ተናጋሪውን ጨምሮ ሁሉም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያደርጋል። ድምፅ ካልተሰማ ማይክሮፎኑ ይጠጋል እንጂ መሸፈኛው አይወልቅም። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበት ሰው ወደ ክፍሉ አይገባም፤ በ8335 ወይም በ952 ነፃ የስልክ መስመር ደውሎ ምክር ያገኛል።