የተጋተው ዳክዬና የእኛ ቢላዋ



መንግሥት አንድን ምግብ «እንስሳ ተሰቃይቶበታል» ብሎ መከልከል ይገባዋልን? ለውይይታችን ምሳሌ የሚሆነን «ፉዋ ግራ» የሚባለው የፈረንሳዮች ውድ ምግብ ነው። የሰባ የዳክዬ ወይም የዝይ ጉበት ነው። ከመታረዱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ ዳክዬው በጉሮሮው በሚገባ ቱቦ በቆሎ ይጋታል፤ ጉበቱም ከተፈጥሮ መጠኑ ብዙ እጥፍ ያብጣል።

አገሮች በዚህ ተለያይተዋል (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፈረንሳይ በ2006 የባህል ቅርሷ ነው ብላ በሕግ ደነገገች። በዚያው ዓመት የአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ ሽያጩን ከለከለች፤ አንዳንድ ምግብ ቤቶች ግን ሌላ ምግብ እየሸጡ ጉበቱን «በነጻ» አቀረቡ። ክልከላው በ2008 ተሻረ። የካሊፎርኒያ ሕግ በ2004 ወጥቶ በ2012 ሥራ ላይ ዋለ።

ጉዳዩን በሦስት ጥያቄ እንክፈለው።

1. ሥጋው ሐላል ነውን? ዳክዬና ዝይ በሸሪዓው መንገድ ከታረዱ በመሠረቱ ሐላል ናቸው።

2. አያያዙስ? ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በሁሉም ነገር ኢሕሳንን እንደደነገገ፣ የሚያርድም ሰው ቢላዋውን እንዲስልና እንስሳውን እንዳያሰቃይ አስተምረዋል። ሙስሊም ዘግበውታል። ስለዚህ «ሐላል ነው» ማለት ብቻ ጥያቄውን አይዘጋውም።

3. ሕግ ይግባበትን? ደጋፊዎች «እንስሳ አፍ የለውምና ሕግ ይናገርለት» ይላሉ። ተቃዋሚዎች «መንግሥት ከማዕዳችን ይውጣ» ይላሉ፤ የቺካጎንም ታሪክ ይጠቅሳሉ።

ክርክሩ እኛንም ይነካናል። በቤልጂየም የፍላንደርስና የዋሎኒያ ክልሎች እንስሳን አስቀድሞ ራሱን ሳያስቱ ማረድን ከ2019 ጀምሮ ከልክለዋል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2020 እንዲህ ያለ ሕግ ማውጣት ይቻላል ሲል ወስኗል። የቀረበው ምክንያት ያው የእንስሳት ስቃይ ነው። የዳክዬውን ሕግ አጨብጭበን ይህን በደፈናው ብናወግዝ በሁለት ሚዛን መዘንን እንባላለን።

ልዩነቱን ማስረዳት ይቻላል፤ አንዱ ለምላስ ጣዕም ሲባል ለቀናት የሚደጋገም መጋት ነው፣ ሌላው በእምነት የታዘዘና በስለት ቶሎ የሚፈጸም እርድ ነው። ይህ መልስ ግን የሚቆመው እርዳችን በእርግጥ ኢሕሳን ሲኖረው ነው። ዶሮ እግሯ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥላ ከገበያ ስትመጣ፣ በግ ሌላው በግ ፊት በደነዘ ቢላዋ ሲታረድ መልሳችን ይፈርሳል። ሕግ አውጪውን ከመሞገታችን በፊት ቢላዋችንን እንሳል።

ለሐለቃ ውይይት፦ በምትኖሩበት አካባቢ ከእርድ በፊት የእንስሳት አያያዝ ምን ይመስላል? ያለ ሕግ ሊስተካከል የሚችለው የቱ ነው?

ወላሁ አዕለም።