አክሪሊክን በሙቀት በማጠፍ የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተርን ከአቧራ መጠበቅ

የካራማራን ተራራ ተሻግሮ ወደ ጅግጅጋ የሚገባ ሰው ሰፊ ሜዳ ይቀበለዋል። በደረቁ ወራት ከዚህ ሜዳ የሚነሣው አቧራ በመስኮትና በበር ሥር እየገባ በሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ይከማቻል። ማራገቢያው በአቧራ ሲታፈን መሣሪያው ይግላል፤ ሥራ መካከልም ይዘጋል። የክርስትና፣ የጋብቻና የሒሳብ መዝገብ በውስጡ ሲኖር ጉዳቱ ለመላው ሰበካ ይተርፋል። የውጭው ሣጥን ተሰብሮ ወይም ክዳኑ ጠፍቶ፣ ውስጡ ግን ገና የሚያገለግል ኮምፒዩተር ካለ፣ አዲስ ከመግዛት በፊት ክዳን ሊሠራለት ይችላል። በዚህ ትምህርት የክዳኑን አሠራር እንመለከታለን።

የአክሪሊክ ጠባይ

አክሪሊክ በተለምዶ ፕሌክሲግላስ የሚባለው፣ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። ክብደቱ የመስተዋትን ግማሽ ያህላል። ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝም በተሰጠው ቅርጽ ይጸናል። መለስለስ የሚጀምረው በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ለማጠፍ የሚመቸው ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ነው። ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የፈላ ውኃ ለዚህ ሥራ አይበቃም። የከሰል ምድጃም ሙቀቱ እኩል አይደለም፤ አክሪሊክም ተቀጣጣይ ነው። የሚያስፈልገው አንድን ቀጥ ያለ መሥመር ብቻ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ስለሆነ፣ ሽቦውን በራስ ከመገጣጠም ከእነርሱ ጋር መሥራት ይሻላል።

ልኬትና ዝግጅት

ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ አክሪሊክ ለክዳን ይበቃል። ላይኛውንና ሁለቱን ጎኖች ለየብቻ ቆርጦ ከማጣበቅ ይልቅ አንዱን ቁራጭ በሁለት መሥመር ማጠፍ ይመረጣል፤ መገጣጠሚያው ሲያንስ አቧራ የሚገባበት ቀዳዳም ያንሳልና። ማዘርቦርዱ የታሰረበት የብረት መደብና የፓወር ሳፕላዩ የብረት ሽፋን ግን በቦታቸው ይቆዩ። አክሪሊክ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ የመሬት መሥመሩን ሥራ ሊተካ አይችልም።

መቁረጥና መብሳት ከማጠፍ በፊት ይፈጸማል። ቀዳዳዎቹ ከማጠፊያው መሥመር ራቅ ይበሉ፤ ከቀረቡ በሙቀቱ ይጣመማሉ። መጋጠሚያው ልክ እንዲሆን አስቀድሞ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን ትርፍ ቁራጭ መካከሉ ላይ አጥፎ የሁለቱን ክንፎች የውጭ ልክ መለካት ይገባል። በድምሩና በ10 ሴንቲ ሜትር መካከል የሚታየው ልዩነት ለዋናው ሥራ መሥፈሪያ ይሆናል።

አጣጠፍ

ሥራው አየር በሚገባበት ስፍራ፣ ሙቀት የሚችል ጓንት አድርጎ ይሠራል። መከላከያ ስስ ሽፋኑ ከማጠፊያው መሥመር ላይ ይላጣል። አክሪሊኩ ሽቦውን ሳይነካ ከበላዩ ይቀመጣል፤ እየተገላበጠም ሁለቱም ገጹ ይሞቃል። በመሥመሩ ላይ በራሱ ክብደት ማዘንበል ሲጀምር ለማጠፍ ደርሷል። ገና ሳይለሰልስ በጉልበት የታጠፈ ይሰነጠቃል፤ ወይም የማይታይ ውጥረት በውስጡ ይቀርና ቆይቶ ይተረተራል። ከመጠን በላይ የሞቀ ደግሞ አረፋ ያወጣል። የለሰለሰው ቁራጭ በትክክለኛ ማዕዘን በተሠራ እንጨት ላይ ታጥፎ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሳይንቀሳቀስ ይያዛል። ውኃ አይፈስበትም፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ውጥረትን ያመጣልና።

አየርና ጽዳት

አየር ከታች ገብቶ ከላይ እንዲወጣ መንገድ ይተው። የሚገባበት ቀዳዳ በስስ ወንፊት ጨርቅ ይሸፈን፤ ማራገቢያውም በዚያ በኩል አየር ወደ ውስጥ ያስገባ። ወደ ውስጥ የሚገፋው አየር በስንጥቆች ወደ ውጭ ስለሚወጣ አቧራው በእነርሱ በኩል አይገባም። ጨርቁ አዘውትሮ ይታጠብ። አክሪሊክን በአልኮል ወይም በቤንዚን መወልወል ጥቃቅን ስንጥቅ ያስከትላል፤ በደረቅ ጨርቅ መፈግፈግም አቧራ የሚስብ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ክዳኑ ከኮምፒዩተሩ ተነሥቶ በለስላሳ ሳሙናና ውኃ በራሰ ጨርቅ ይጸዳ፤ ደርቆም ይመለስ።

ለሰበካ ጉባኤያት

ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት የመዝገቡ ቅጂ በሌላ ማከማቻ ይያዝ፤ ኮምፒዩተሩም ከኤሌክትሪክ ይነቀል። ቅጂው ከዚያ በኋላም ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ በታመነ ስፍራ ይኑር። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ያየን ሁሉ እሳት ለመዝገብ ጊዜ እንደማይሰጥ እናውቃለን። የአክሪሊክ ክዳን ከአቧራ ይጠብቃል፤ ከእሳት ግን አይጠብቅም። ስለዚህ የልማት ኮሚቴዎች የክዳኑን ሥራ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በባለሙያ ቁጥጥር ሲሰጡ፣ ቅጂውን በየወሩ የሚያድስ ኃላፊም አብረው እንዲሰይሙ እንመክራለን።