መሣሪያው ተነቅሏል፤ መዝገቡ ለምን አይሰረዝም?

አንድ ሰው በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ያያያዘው የሙቀት መለኪያ አለው እንበል። ፕሮግራሙ ከመለኪያው ላይ ቁጥር እያነበበ ሳለ ሰውየው ሳያስበው ገመዱን መዘዝ አደረገው። መለኪያው የለም፤ ፕሮግራሙ ግን አሁንም መልስ ይጠብቃል። በዚያች ቅጽበት በኮምፒውተሩ ውስጥ ምን ይሆናል? ከቀላሉ ተነሥተን እንመልከት።

መሣሪያውን የሚያናግረው ድራይቨር (ነጂ ፕሮግራም) ይባላል። የሚሠራውም አብዛኛውን ጊዜ በከርነል (በሥርዓተ ክወናው እምብርት) ውስጥ ነው። መሣሪያው ሲሰካ ድራይቨሩ ከሜሞሪው (ከማህደረ ትውስታው) ላይ ቦታ ይወስድና ስለ መሣሪያው ማወቅ ያለበትን ሁሉ እዚያ ያሰፍራል። ይህ ቦታ ኦብጀክት (መዝገብ) ነው። የመዝገቡን አድራሻ የሚይዘው አንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ የዩኤስቢው ክፍል ይይዘዋል፣ ፕሮግራሙ መሣሪያውን ለማንበብ የከፈተው ፋይልም ይይዘዋል።

ታዲያ ገመዱ እንደተነቀለ መዝገቡን ወዲያው ብንሰርዘውስ? ፕሮግራሙ ቀጥሎ “አንብብልኝ” ሲል ድራይቨሩ በቀድሞው አድራሻ ይሄዳል። እዚያ ግን ከርነሉ ለሌላ ሥራ የሰጠው ነገር ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ይህ ስሕተት ዩዝ አፍተር ፍሪ (የተለቀቀ ቦታን መልሶ መንካት) ይባላል። ተራ ፕሮግራም እንዲህ ቢሳሳት የሚወድቀው ራሱ ነው። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ግን ከርነሉና በውስጡ ያሉት ድራይቨሮች አንድ የአድራሻ ክልል ስለሚጋሩ በመካከላቸው ግድግዳ የለም፤ የአንዱ ጥፋት ኮምፒውተሩን በሙሉ ሊያቆመው፣ ሲብስም ለአጥቂ በር ሊከፍት ይችላል።

ስለዚህ መቁጠር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ መዝገብ ሪፈረንስ ካውንት (የያዦች ቁጥር) አለው፤ የሚይዘው ሁሉ አንድ ይጨምራል፣ የሚለቀው ሁሉ አንድ ይቀንሳል። መጨረሻ የወጣ ሰው በሩን ይቆልፍ እንደሚባለው፣ ቁጥሩን 0 ያደረሰው መዝገቡን ይሰርዛል። በሊኑክስ ይህን የሚሠራው ቆጣሪ ኬሬፍ ይባላል።

ከሊኑክስ ምንጭ ኮድ ጋር ዩኤስቢ ስኬልተን የሚባል፣ ለናሙና የተጻፈ ድራይቨር አለ። እሱን ይዘን ቁጥሩን እንከተል። መሣሪያው ሲሰካ ቁጥሩ 1 ነው። ፕሮግራሙ ሲከፍተው 2 ይሆናል። ገመዱ ሲነቀል ከርነሉ ዲስኮኔክት (መለያየት) የተባለውን የድራይቨሩን ክፍል ይጠራል። ይህም “ተነቅሏል” የሚል ምልክት ያኖራል፣ በጉዞ ላይ ያሉ የመረጃ ልውውጦችን ያቋርጣል፣ ከዚያም የራሱን ድርሻ ይለቃል፤ ቁጥሩ ወደ 1 ይወርዳል። ፕሮግራሙ እንደገና ለማንበብ ሲሞክር ድራይቨሩ ምልክቱን ያይና “እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም” የሚል የስሕተት መልስ ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲዘጋ ቁጥሩ 0 ይደርሳል፤ መዝገቡ የሚሰረዘው ገና አሁን ነው። ምልክቱ የሚጻፈውም የሚነበበውም በአንድ ሚውቴክስ (ተራ አስከባሪ ቁልፍ) ጥበቃ ሥር መሆኑን ልብ በሉ። ያለዚያ ድራይቨሩ “አለ” ብሎ አይቶ ገና እጁን ሳይዘረጋ ዲስኮኔክት ሥራውን ሊጨርስበት ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ለየብቻ ተመልሰዋል። መሣሪያው አለ ወይ? ለሚለው መልሱ ምልክቱ ነው። ሜሞሪው ይለቀቅ ወይ? ለሚለው መልሱ ቁጥሩ ነው። ጀማሪ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ብዙው ጣጣ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ቆጠራው ራሱ ቢሳሳትስ? ያዡ መልቀቁን ከረሳ ቁጥሩ 0 አይደርስም፤ መዝገቡም ያለ ጥቅም ቦታ ይዞ ይቀራል። ይህ ሜሞሪ ሊክ (የሜሞሪ መፍሰስ) ነው። ቀላል ጉዳት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ አንድ የሊኑክስ ስሕተት ግን ሌላ ነገር አሳየ። የምስጢር ቁልፎችን በሚይዘው የከርነሉ ክፍል ውስጥ አንድ ጥሪ በተደጋገመ ቁጥር አንድ ያልተለቀቀ ድርሻ ይቀር ነበር። ቆጣሪው ባለ 32 ቢት ስለነበር ከ4 ቢሊዮን በላይ ጥሪ በኋላ ሞልቶ ዞሮ 0 ይሆን ነበር፤ መዝገቡም ያዦቹ በሕይወት እያሉ ይሰረዝ ነበር። በ2017 በወጣው ሊኑክስ 4.11 ውስጥ የገባው አዲስ ቆጣሪ ሲሞላ እዚያው ደርቆ ይቀራል። ሜሞሪው ቢፈስ ይሻላል ተብሎ ነው፤ ትክክለኛ ምርጫ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ከባዱ እንለፍ። የመሣሪያው መዝገብ የጥያቄዎችን ወረፋ ይይዛል እንበል፤ ወረፋውም በበኩሉ መዝገቡን ይይዛል። የመዝገቡ ቁጥር 2 ነው፤ አንዱ ከውጭ፣ አንዱ ከወረፋው። የወረፋው ቁጥር 1 ነው። ገመዱ ሲነቀል የውጭው ይለቃል፤ መዝገቡ 1 ይቀረዋል። መዝገቡ ወረፋውን የሚለቀው ሲሰረዝ ነው፤ ወረፋውም መዝገቡን የሚለቀው ሲሰረዝ ነው። በሩ ላይ ቆመው “እርስዎ ይቅደሙ”፣ “የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ” እንደሚባባሉ ሰዎች ማንም አይወጣም። ይህ ሰርኩላር ሪፈረንስ (ክብ መያያዝ) ነው። አንድም የተሳሳተ ቁጥር የለም፤ ስለዚህም ቆጣሪውን ብቻ በመመርመር አይገኝም።

አንዱ መውጫ መያዙን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማድረግ ነው። ወረፋው ያለ መሣሪያው መኖር ስለማይችል ወረፋው መዝገቡን ቆጥሮ ይያዝ፤ መዝገቡ ግን የወረፋውን አድራሻ ሳይቆጥር ይወቅ፤ ወረፋውም ከመሰረዙ በፊት አድራሻውን ከመዝገቡ ላይ ያስፍቅ። ሁለተኛው መውጫ ክቡን ፈቅዶ፣ በታወቀ ሰዓት መቁረጥ ነው። የሊኑክስ የመሣሪያዎች ሥርዓት ራሱ እንዲህ ያደርጋል። ልጅ መሣሪያ ወላጁን ይይዛል፣ የወላጁ የልጆች ዝርዝርም ልጁን ይይዛል። መሣሪያው ሲወጣ በመጀመሪያ ዲቫይስ ዴል የተባለው ተግባር ልጁን ከዝርዝሩ አውጥቶ ወላጁንም ያስለቅቃል፤ ቀጥሎ ፑት ዲቫይስ የመጨረሻውን ድርሻ ይቀንሳል። ሁለቱ ተግባሮች የተለያዩት በከንቱ አይደለም።

ዊንዶውስም በኬኤምዲኤፍ (በድራይቨር መጻፊያ ማዕቀፉ) ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል። ክሊንአፕ (ማጽዳት) የሚጠራው ያዦች ቢኖሩም ገና መዝገቡ እንዲጠፋ ሲታዘዝ ነው፤ ዲስትሮይ (ማጥፋት) የሚጠራው ቁጥሩ 0 ሲደርስ ነው። ክቡን የሚቆርጠውን ትእዛዝ በዲስትሮይ ውስጥ የጻፈ ሰው መቼም የማይመጣ ጥሪ ይጠብቃል።

ሊኑክስ ክቦችን ፈልጎ የሚለቅ ጋርቤጅ ኮሌክተር (ትርፍ ሰብሳቢ) ያስገባው ሌላ ምርጫ ባጣበት ቦታ ነው። በዩኒክስ ሶኬት (በፕሮግራሞች መገናኛ መስመር) አማካይነት ፕሮግራም የከፈተውን ፋይል ለሌላ ማሳለፍ ይችላል፤ ሶኬቱን በራሱ በሶኬቱ ውስጥ መላክም ይችላል። ክቡን የሚሠራው ተጠቃሚው ስለሆነ ከርነሉ አስቀድሞ ሊቆርጠው አይችልም። ይህ ሰብሳቢ በ2024 በወጣው ሊኑክስ 6.10 እንደ አዲስ ተጽፏል።

ድራይቨር ለመጻፍ የምትነሡ አንባብያን ግን ክቡን የምትሠሩት ራሳችሁ ናችሁ። ኮዱን ከመጀመራችሁ በፊት ማን ማንን እንደሚይዝ ወረቀት ላይ በቀስት ሣሉ። ቀስቱ ዞሮ ከመነሻው ከደረሰ፣ መሣሪያው ሲነቀል የትኛው ቀስት እንደሚቆረጥና ማን እንደሚቆርጠው እዚያው ጻፉ።